የእትዬ አስካለ ሁለት ሽጉጦች እና የእኔ ብልጠት

«ሽጉጦቹ የወንድሜ ናቸው!»

«አንዱ የባሌ ነበር፣ አንዱ የአባቴ። አሁን ሁለቱም የኔ ናቸው። ፈቃዱ ላይ የማን ስም እንዳለ ላንብብልህ ወይስ ራስህ ታነባለህ?»

«ወረቀት ወረቀት ነው! ኬላ ላይ ወረቀት የሚያነብልሽ ማን አለ?»

እኔ በዚህ ጊዜ ፍራሽ ተሸክሜ መሃላቸው ቆሜያለሁ። ልውጣ ብል አቶ ተሰማ በሩን ሞልተውታል። ልመለስ ብል እትዬ አስካለ ከኋላዬ ናቸው።

ፍራሹ ደግሞ የጥጥ ነው። የጥጥ ፍራሽ ተሸክሞ የሰው ጠብ ያዳመጠ ያውቀዋል!

ወገኖቼ፣ ሻይ ቤታችን ግድግዳ ላይ የምለጥፈውን የምታነቡ! ዛሬ ያገኘኝን ስታነቡ ሻያችሁ ትን ይላችኋልና ብርጭቆውን አስቀድማችሁ አስቀምጡት።

ጠዋት በጭነት መኪና፣ ገቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ የወደፊት የቤርጎ ጸሐፊ ሆኜ ከኮልፌ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ተመለስኩ። እጄ እስከ ክርኔ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከአየር ጤና ጀምሮ የሰፈሩ ውሾች አጅበውኛል።

አዎ፣ ያያችሁት እኔን ነው። «ሠርግ ነው እንዴ?» ብላችሁ የጮኻችሁትንም ሰምቻለሁ።

ከወረቀቱ ሥር በእርሳስ ስድብ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ቦታ ትቼላችኋለሁ። ግን መጀመሪያ አንብቡ።

እትዬ አስካለን የማያውቅ ካለ ላስተዋውቅ። የቤት አከራዬ ናቸው። በጓሮ ያለችውን ክፍል ለኔ ሰጥተው ከፊት ለፊት ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ይኖሩ ነበር።

ሥራቸው ቅቤ ነው። ገበያው ውስጥ የሳቸውን ቅቤ «የአስካለ» ብሎ በስም የሚጠይቅ ደንበኛ አላቸው። ሌላው ነጋዴ ሲጮህ እሳቸው ዝም ብለው ነው የሚሸጡት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ሁሉ «አሁንስ ይደክማሉ» ሲላቸው ጅማ ላይ ቤርጎ ተዋዋሉ!

አልጋው፣ ምግብ ቤቱ፣ ግቢው፣ ሁሉም የሳቸው።

እኔንም «ግርማ፣ ሥራ ከሌለህ ና፣ የእንግዶቹን ስም ትጽፍልኛለህ» አሉኝ። እኔ ስም ስጽፍ የማድር ሰው አይደለሁም፣ ገጣሚ ነኝ፣ ብዬ ላስረዳቸው ነበር። ከዚያ ምግብ በነጻ መሆኑን ነገሩኝ።

ስም መጻፍም ጥበብ ነው።

እንግዲህ ሽጉጦቹ።

አንዱ ትንሽ ነው፣ የባላቸው። ሌላው ትልቅ፣ እጀታው የተሰነጠቀና በመዳብ ሽቦ የታሰረ፣ የአባታቸው ነው። አባትየው በበቅሎ ቅቤ እያመላለሱ የነገዱ ሰው ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ወንዶቹ የወንድማቸው ልጆች ቁጭ ብለው እያዩ፣ ሽጉጡን ለአስካለ ሰጡ። «ከኔ በኋላ መንገድ የምትወጣው እሷ ናት» ነው ያሉት አሉ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ ያንን ሽጉጥ ተኩሰውበት አያውቁም። ዘይት ይቀቡታል። ይወለውሉታል። አንዳንዴ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩታል። እንዴት እንደሚያዩት ብትመለከቱ እናንተም ዝም ትላላችሁ።

አቶ ተሰማ የባላቸው ወንድም ናቸው። ትንሹን ብቻ ሳይሆን ትልቁንም ይፈልጉታል። ሴት ሽጉጥ ይዛ ጠቅላይ ግዛት ታቋርጣለች የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

አሁን ስሙኝ፤ የማደንቃቸው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ሽጉጥ ይዞ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሲዛወር ምን ያደርጋል? ወይ ወገቡ ላይ ታጥቆ ኮት ይደርብበታል። ወይ ፍራሽ ውስጥ ይሰፋዋል። ወይ የሚያውቀው ባለ ሥልጣን ካለ ስሙን እየጠራ ያልፋል።

እትዬ አስካለ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ጠየቁ!

ማንም ሳይጠራቸው! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፈቃዳቸውን ይዘው፣ «ከኮልፌ ወደ ጅማ እዛወራለሁ፣ ሽጉጦቼን እንዴት ልውሰድ?» ብለው ጠየቁ። እዚያ የነበሩት ፖሊሶች እንደዚህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አይተው ስለማያውቁ እርስ በርስ ተያዩ አሉ።

የተነገራቸው ይሄ ነው። ጥይቱ ይውጣ። ሽጉጡ በአንድ ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን ይቆለፍ። ፈቃዱ በእጅ ይሁን። ኬላ ላይ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ። ጅማ ሲገቡ እዚያ ላለው ፖሊስ ያስመዝግቡ።

እንደተባሉት አደረጉ። አንዲት ነገር አልቀነሱም።

«ኬላ ላይ ይወርሱሻል፣» አሉ አቶ ተሰማ ዛሬ ጠዋት፣ ፍራሹ እኔ ጭንቅላት ላይ እንዳለ። «ሴት ስትሆኚ ደግሞ ይስቁብሽና ይወርሱሻል። እኔ ዘንድ ይቀመጡ። ስትረጋጊ ትወስጃቸዋለሽ።»

«አንተ ዘንድ የተቀመጠ ነገር ተመልሶ አይቼ አላውቅም።»

«አስካለ! የሽማግሌ ምክር ነው!»

«ሽማግሌ ከሆንክ ከበሩ ዞር በል፣ ልጁ በፍራሽ ሊሞት ነው።»

ዞር አሉ። ወጣሁ። ፍራሹን መኪናው ላይ ወረወርኩት።

ግን ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል። ይወርሱሻል። ይስቁብሽና ይወርሱሻል።

ያ ትልቁ ሽጉጥ፣ ያ በመዳብ ሽቦ የታሰረው፣ የሆነ ኬላ ጠባቂ ወገብ ላይ ሲንጠለጠል ታየኝ። እትዬ አስካለ ባዶ ሳጥን ይዘው ጅማ ሲገቡ ታየኝ። ገጣሚ ስትሆኑ ያልሆነ ነገር ሁሉ በቀለም ነው የሚታያችሁ።

በዚህ ላይ እሳቸው ጠሩኝና የሽጉጡን ሳጥን ቁልፍ እጄ ላይ አደረጉ። «ተሰማ ግቢ ውስጥ እያለ እኔ ዕቃ ላይ ስሯሯጥ ሊጠፋብኝ ይችላል። አንተ ያዘው፣» አሉኝ።

እኔን አመኑ! ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን!

እና እኔ ይሄን አመኔታ ይዤ ምን አደረግኩ መሰላችሁ?

ጓዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ቅቤ ነበር። ዋጋ ተሰብሮባቸው አልሸጥም ያሉት፣ ለቤርጎው ወጥ ቤት የሚወስዱት በሳል ቅቤ። አፉ በኮባ ቅጠል ተሸፍኗል።

አየሁት። አየኝ።

የትኛው ኬላ ጠባቂ ነው ቅቤ ውስጥ እጁን የሚከት? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ማንም! ብዬ ለራሴ መለስኩ። ጥያቄውም የኔ፣ መልሱም የኔ። ያገሬ ሰው፣ እንዲህ ዓይነት ውይይት ላይ ሁሌም ሌላ ሰው ጨምሩ።

አቶ ተሰማ ከሹፌሩ ጋር ሲጨቃጨቁ፣ እትዬ አስካለ ከጎረቤት ጋር ሲሰነባበቱ፣ እኔ ጓዳ ገባሁ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ሽጉጦቹን በጨርቅ፣ ከዚያ በኮባ ጠቀለልኳቸው። ቅቤውን በእጄ ዝቄ አወጣሁ፣ ከታች ቀበርኳቸው፣ መልሼ ሞላሁት፣ በመዳፌ ለሰንኩት። ኮባውን አለበስኩት።

የሚገርም ሥራ! የሐውልት ሥራ!

ሳጥኑ ሲነሳ እንዳይቀልባቸው ደግሞ አሮጌ ጫማዬን አምጥቼ በሁለቱም እግር ውስጥ ድንጋይ አድርጌ ቆለፍኩበት።

ምናልባት «እትዬ አስካለ ኬላ ላይ እናገራለሁ ብለው የለ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል።

ብለዋል። እኔ ግን አላመንኩም። ሰው ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ነገር ይላል፤ ኬላ ሲደርስ ግን ሁሉም ዝም ይላል። እሳቸውም የጠባቂውን ጠብመንጃ ሲያዩ ዝም ይላሉ፣ እናልፋለን፣ ካለፍን በኋላ የሠራሁትን እነግራቸዋለሁ፣ «ግርማ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» ይሉኛል።

ይቺን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር በልቤ ብዙ ጊዜ ተለማምጃታለሁ። በሳቸው ድምፅ።

መኪናችን ኤንትሬ የሚሉት የጣሊያን ጭነት መኪና ነው። ጭነቱ ላይ አልጋ፣ ወንበር፣ ቁም ሳጥን፣ ብረት ድስት፣ ቅቤ። ገቢና ውስጥ ሹፌሩ ከድር፣ እኔ መሃል፣ እትዬ አስካለ በመስኮቱ በኩል፣ ሁለቱ ሳጥኖች ጭናቸው ላይ።

ዘነበወርቅን አለፍን። አየር ጤና ላይ ጋራዦቹን፣ የተፈታታ ሞተር የከበቡትን ሰዎች አለፍን። እትዬ አስካለ ወደ ኋላ አላዩም። ዕድሜያቸውን የኖሩበትን ሰፈር ጥለው ሲወጡ አንገታቸው እንኳ አልዞረም። «ቤርጎው መጋረጃ ያስፈልገዋል፣» ብቻ አሉ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው።

«እትዬ አስካለ፣ አልፈሩም?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ኬላውን።»

«ምን አድርጌ?»

ከድር ሳቀ። «እኔ ምንም ሳላደርግም እፈራለሁ፣» አለ። «አንድ ጊዜ ባዶ መኪና ይዤ ፈርቻለሁ።»

እኔ አልሳቅኩም። ቅቤው ትዝ ብሎኛል።

ኬላው ጋ ስንደርስ ከድር ገና መኪናውን ሳያቆም እትዬ አስካለ በሩን ከፈቱ። ወረዱ። ፊት ለፊት የቆመው ጠባቂ «ምን ጭናችኋል?» ለማለት አፉን ከፈተ።

አልደረሰም።

«ደህና ዋልክ ልጄ። ሁለት ሽጉጥ ይዣለሁ።»



ጠባቂው ወደ ኋላ ሄደ። ከድር ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። አንዲት ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ ከነዶሮዋ ወደ አጥሩ ተጠጉ።

እኔ? እኔ ገቢና ውስጥ ሆኜ ነፍሴ በኮንጎ ጫማዬ ቀዳዳዎች ስትወጣ ይሰማኛል።

ተናገሩ! ሴትዮዋ በእርግጥ ተናገሩ!

አንድ የመቶ አለቃ መጣና በአክብሮት ወደ ቢሮው አስገባን። ቢሮው ከላይም ከጎንም ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ አለ። እትዬ አስካለ ፈቃዱን ዘረጉ፣ ሁለቱን ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ አሰለፉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምርጥ ተማሪ ፈተና ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ አይታችኋል? እንደዚያ።

«ይሄኛው ጥይት ነው። ይሄኛው ሽጉጦቹ ናቸው፤ ባዶ ናቸው። ግርማ፣ ክፈት።»

መቶ አለቃው በጣም ደስ አለው። «እመቤት፣ ሰው ሁሉ እንደርስዎ ቢሆን እኛ ሥራ አይኖረንም ነበር፣» አላቸው።

ቁልፉ ቀዳዳውን አላገኝ አለኝ።

«ምነው እጅህ?» አሉኝ።

«ብርድ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ?»

ሳጥኑ ተከፈተ።

የቀኙ ጫማዬ፣ ሶሉ የተገነጠለው፣ አፉን ከፍቶ መቶ አለቃውን አየው።

መቶ አለቃውም ጫማውን አየው። ለረጅም ጊዜ ነው የተያዩት።

«ይሄ ነው ሽጉጡ?»

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ። «ጌታዬ፣ ድንጋይ ጎርሷል!»

እትዬ አስካለ አልጮኹም። ጫማውን አነሱ፣ አስቀመጡ። የጥይቱን ሳጥን ራሳቸው ከፈቱ። ጥይቱ አለ፣ እያንዳንዱ በቦታው።

«እንግዲህ፣» አለ መቶ አለቃው፣ ድምፁ ተቀይሯል፣ «ጥይት አለ። ሽጉጥ የለም። ጫማ አለ። እመቤት፣ ሽጉጦቹ የት ናቸው? ለማን ሰጡ? ሸጡ?»

«ተሰርቄያለሁ ጌታዬ። ማን እንደሰረቀኝም አውቃለሁ። ልመለስ።»

አቶ ተሰማን ነው!

ወገኖቼ፣ አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። ለአፍታ፣ ለአንዲት አጭር አፍታ፣ ዝም ልበል ወይ ብዬ አስቤያለሁ። አቶ ተሰማ ቢታሰሩ የሰፈሩ ግማሽ ደስ ይለው ነበር።

ግን የእትዬ አስካለን ፊት አየሁት። ጠዋት ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ሲወርድባቸው ያልተነካ ፊት አሁን ልክ እንደ አሮጌ ቤት ጣሪያ ከመሃሉ ሰመጥ ብሏል። የአባታቸው ነገር ጠፋ። በሳቸው እጅ፣ በሳቸው ጊዜ ጠፋ።

«እትዬ አስካለ...» ብዬ ጀመርኩ።

ከውጭ ሰው ጮኸ።

«ድንጋይ! ቅቤው ውስጥ ድንጋይ አለ!»

እዚህ ላይ ለካ ቅቤ የሚባል ዓለም አለ!

እኔ የእትዬ አስካለን ቅቤ ከመብላት በቀር ስለ ቅቤ የማውቀው ነገር የለም። ያላወቅኩትን ልንገራችሁ። ቅቤ ነጋዴ ሁሉ አያምንም፣ አይታመንም። ክብደት እንዲያነሳ ከሥሩ ድንጋይ የሚከት አለ፣ የተቀቀለ ድንች የሚለውስ አለ። ስለዚህ ገዢ ቀጭን ረጅም ብረት ይዞ ይሄዳል። ከላይ እስከ ታች ይወጋዋል፣ አውጥቶ ያሸተዋል። ኬላም ላይ እንደዚያው ነው። ከጭነት ሁሉ መጀመሪያ የሚወጋው ቅቤ ነው!

መጀመሪያ!

እትዬ አስካለ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ብረት የሰው ቅቤ ሲወጉ ኖረዋል። ብረቱ እኮ ኩሽናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። እኔ የሥጋ መጥበሻ ዘንግ መስሎኝ ነበር።

ተከታትለን ወጣን። ጠባቂው ብረቱን ቅቤው ውስጥ እንደሰካ ቆሟል። አንዴ ወደ ታች ገፋው። ቀጭ! ደገመው። ቀጭ!

«የከተማ ነጋዴ!» አለ ወደ ተሰበሰበው ሰው እየዞረ። «ድሃውን በድንጋይ ትሸጡታላችሁ!»

ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሽጉጥ ጠፋባቸው፤ እትዬ አስካለ ቆመው ተናገሩ። ቅቤሽ ውስጥ ድንጋይ አለ ሲባሉ ግን ፊታቸው ቀላ።

«እኔ?» አሉ። «ቅቤ ውስጥ? ድንጋይ?»

ነጠላቸውን ለከድር ሰጡ። የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ብብታቸው ሰበሰቡ። ኮባውን ገለበጡና ክንዳቸውን ከነክርናቸው ቅቤው ውስጥ ዘፈቁት!



እኔ ግጥም ብዙ ሞክሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም። አንዲት ሴት በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ከቅቤ ሥር ልታወጣ ክንዷን ስትሰድ።

አወጡት። የኮባ ጥቅልል። በጥርሳቸው ፈቱት።

በመዳብ ሽቦ የታሰረው የአባታቸው ሽጉጥ ቅቤ ለብሶ ወጣ።

ጠባቂው ብረቱን ጣለ።

እትዬ አስካለ ሽጉጡን አላዩትም። መቶ አለቃውን አላዩትም። ቀስ ብለው ዞሩና እኔን አዩ። ከዚያ እጄን። ከዚያ የሸሚዜ እጅጌ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የነበረውን የቅቤ ነጠብጣብ።

«እኔ ነኝ፣» አልኩ።

ለራሴ እንኳ በቅጡ አልተሰማኝም። ስለዚህ ደገምኩት። «እኔ ነኝ የቀበርኳቸው!»

ቢሮው ውስጥ ተመለስን። ሁለቱም ሽጉጦች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ቅቤው ቀስ እያለ ወደ መቶ አለቃው ወረቀቶች ይፈሳል።

«አንተ ማን ነህ?»

«ግርማ እባላለሁ።»

«ሥራህ?»

«ገጣሚ ነኝ።»

«እሱን አይደለም፤ ሥራህን ነው የጠየቅኩህ።»

ጠባቂው እስኪያስለው ሳቀ። እንደፈለጋችሁ ከሥር ጻፉበት፤ ከዚህ የባሰ አትጽፉም።

መቶ አለቃው ፊቱን አጠቆረ። «እመቤት፣ የተደበቀ መሣሪያ ነው። ማን ደበቀው አይደለም ነገሩ። የተደበቀ መሣሪያ ይወረሳል።»

ይወርሱሻል። ተባለ! እኔ ራሴ አስባልኩት!

እትዬ አስካለ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጌታዬ፣ ልጠይቅዎ? እኔ ከመኪና ስወርድ ጠባቂዎ ምን ብሎኝ ነበር?»

«...ምንም።»

«ሳይጠይቀኝ ሁለት ሽጉጥ አለኝ አልኩት። የሚደብቅ ሰው አስቀድሞ አለኝ ይላል? ሳጥኑን ክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። ባዶ መሆኑን ባውቅ አስከፍተው ነበር? ፈቃዱ ይኸው። ቁጥሩን ያመሳክሩ። ካልገጠመ ይውረሱ።»

ተቃውሞ የሌለበት ንግግር ነው! ለዐሥር ዓመት የሕግ መጽሐፍ ባነብም እኔ እንደዚያ የምናገር አይመስለኝም።

ቁጥሩ በቅቤ ተሞልቷል። ጠባቂው ትንሹን ሽጉጥ አነሳና አፈሙዙን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ይመለከት ጀመር።

«ከፊትህ አንሳው ልጄ፣» አሉት እትዬ አስካለ። «ባዶ ነው ብዬሃለሁ፤ ግን የሰው ወሬ አትመን።»

ተቀበሉት። አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርገው ከፈቱት፣ ባዶነቱን አሳዩ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ቁጥሩን ጠረጉት። ትልቁንም እንደዚያው። የተሰነጠቀው እጀታ ጋ ሲደርሱ ቀስ አሉ። በሽቦው መሃል የገባውን ቅቤ በጥፍራቸው አንድ በአንድ አወጡት። መቶ አለቃው ይሄን ሲያይ አልቸኮለም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ቁጥሩን አመሳከረ። አንዱን። ሌላውን።

ገጠመ።

«ጅማ ሲገቡ ዕለቱን ያስመዝግቡ፣» አለ በመጨረሻ፣ እና ፈቃዱን በሁለት እጁ መለሰላቸው። በሁለት እጁ! አየሁት!

ሽጉጦቹ አለፉ፣ ወገኖቼ። እስካሁን በጥፍራችሁ ቆማችሁ ከነበረ ተቀመጡ። ሽጉጦቹ አለፉ።

ያላለፍኩት እኔ ነኝ።

«ይሄንንስ ምን ላድርገው?» አለ መቶ አለቃው፣ በአገጩ እያሳየኝ። «ከከከሰሱት አስረዋለሁ። ሌባ ከሆነ...»

«ሌባ አይደለም፣» አሉ እትዬ አስካለ። «ጅል ነው።»

ከዚህ በፊት ስለኔ የተጻፈ የምስክር ወረቀት የለም። ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«ለምን አደረግከው?» አሉኝ። ድምፃቸው የተቆጣ አይደለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ፈርቼ ነው እትዬ አስካለ። ይወርሱብዎታል ብዬ። ይስቁብዎታል ብዬ።»

«ማን እንዲህ አለህ?»

የእጅጌዬን የቅቤ ነጠብጣብ በአውራ ጣቴ መፋቅ ያዝኩ።

«ማን አለህ ግርማ?»

«አቶ ተሰማ ጠዋት...»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅቤ የነካ ክንዳቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ። «እኔም ጠዋት የነበርኩ መሰለኝ፣» አሉ።

ይቺን ቃል አሁንም እየሰማኋት ነው።

አያችሁ፣ እኔ ለሳቸው ሦስት ግጥም ጽፌያለሁ። በአንዱ ላይ ተራራ ብያቸዋለሁ፣ በሌላው ደግሞ ጎህ። ግን ሴትዮዋ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ነገሩን አውቀዋለሁ፣ ተዘጋጅቻለሁ ሲሉኝ አላመንኳቸውም። በር ላይ ቆሞ የሚጮህ አንድ ሰው፣ የሚያውቀው ነገር የሌለው፣ ይወርሱሻል ሲል ግን ወዲያው አመንኩት። ወንድ ስለሆነና ስለጮኸ ይሆን? እንጃ።

ተራራ ብዬ መጻፍ ቀላል ነው። ተራራውን በቅቤ ሸፍኖ ማዳን ነው የኔ ነገር!

ከድር ቢሮው በር ላይ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ቅቤው ተመልሶ ተጭኗል። ጅማ ሳይመሽ...» ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ እግሬን። «ኮንጎ ጫማ መሆኑ ደግ ነው፤ ለእግር መንገድ ይመቻል፣» ብሎኝ ወጣ።

መቶ አለቃው ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ጨርቅ አወጣና ወረወረልኝ። «ገጣሚ፣ ጠረጴዛዬን ጥረግ። ወለሉንም። ሲያልቅ ትሄዳለህ፤ ጫማህንም ይዘህልኝ ሂድ።»

ተንበርክኬ ወለሉን ያዝኩ። ቅቤ በጨርቅ ሲጠረግ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም። ይሄንንም ዛሬ ነው ያወቅኩት።

እትዬ አስካለ ሽጉጦቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ አስተኙ። ራሳቸው ቆለፉ። ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«እትዬ አስካለ፣» አልኩ ከወለሉ ሆኜ፣ «እኔስ?»

ቆሙ። የሚያዝኑልኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ሳያዝኑልኝም አልቀሩም፤ ዓይናቸው እንደዚያ ነበር።

«አንተ ዛሬ ያመንከው ተሰማን ነው። ወደ ኮልፌ ተመለስና ክረምቱን ከሱ ጋር ክረም።»

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ሰው አንድን ሰው ይሄን ያህል እያደነቀ እንዴት አያምነውም? እኔ በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ችያቸዋለሁ፤ ከናንተ የሚበልጠኝ ካለ ከሥር ይጻፍ።

ሁለቱን ሳጥኖች በሁለቱ ብብቶቻቸው ሥር አደረጉ። መቶ አለቃው ተነሥቶ ቆመ። ጠባቂው መንገድ ለቀቀ። ቀጥ ብለው፣ ወደ ማንም ሳይዞሩ ወጡ።

የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።